ኢሜይላችን ስፓም ውስጥ ሲገባ አዲስ ዶሜይን መግዛት ያዋጣል?

ከቃሊቲ ወጥቶ በድሮው የአዳማ መንገድ ገላንን አልፎ ዱከም እስኪደርስ ድረስ፣ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት መጋዘኖች መካከል ቡና አበጥረው፣ ቅባት እህል አዘጋጅተው ለውጭ ገበያ የሚያቀርቡ ድርጅቶች አሉ። ለእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች ኮምፒውተርና ኔትወርክ የሚሠራ ሰው አዲሱ ምርት መጋዘን በገባ ቁጥር የሚሰማት ቅሬታ አለች፦ «ናሙና መላካችንን የነገርንበት ኢሜይል ገዥው ጋ ስፓም ውስጥ ተቀብሮ ከረመ። የዶሜይናችን ስም ጠፍቷል፤ በል ሌላ ግዛልን።»

ዶሜይን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻ ውስጥ ከ@ ምልክት በኋላ የሚመጣው ስም፣ ርካሽ ነው፤ ጠዋት ተገዝቶ ከሰዓት ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ ሐሳቡ ያጓጓል። ግን የተበላሸው ነገር ምን እንደሆነ ሳያጣራ ዶሜይን የቀየረ ድርጅት ብዙ ጊዜ ጥቂት ቆይቶ እዚያው ቅሬታ ላይ ይመለሳል፤ ያውም አሁን የተበላሹ ሁለት ስሞች ይዞ። ዶሜይን መቀየር የሚጠቅምባቸው ሁኔታዎች አሉ። ጥቂት ናቸው እንጂ አሉ። እነሱን ለመለየት መጀመሪያ «ስም» የሚባለው ነገር፣ ማለትም ላኪው በተቀባዮች ዘንድ ያለው ዝና፣ የት እንደሚቀመጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስሙ የሚለጠፈው የት ላይ ነው?

ኢሜይል የሚጓጓዝበትን ኤስኤምቲፒ የተባለ ሥርዓት ጆናታን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጽፈው መታወቂያ የሚጠይቅ አላደረገውም። «እኔ እከሌ ነኝ» ያለ ሁሉ እከሌ ሆኖ ያልፋል። በጊዜው ኔትወርኩን የሚጠቀሙት በአብዛኛው ተመራማሪዎችና የመንግሥት ተቋማት ስለነበሩ ነገሩ አላስጨነቀም። (ማስታወቂያ በጅምላ የመላክ ጠባይ ግን ከዚያም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በሜይ 1978 አንድ የኮምፒውተር ኩባንያ የገበያ ሠራተኛ ወደ 400 ለሚጠጉ የአርፓኔት (የኢንተርኔት ቀዳሚ ኔትወርክ) ተጠቃሚዎች የሽያጭ ጥሪ በትኖ ብዙ ሰው አስቆጥቷል።)

ላኪውን በማንነቱ መለየት ሲያቅት፣ ተቀባዮቹ በጠባዩ መለየት ጀመሩ። ጂሜይል የራሱን መዝገብ ይይዛል፣ ማይክሮሶፍት የራሱን፣ ያሁም የራሱን። አንድ የጋራ ነጥብ የለም። ለዚህ ነው ያው ኢሜይል ጂሜይል ላይ ዋናው ሳጥን ገብቶ በማይክሮሶፍቱ አውትሉክ ላይ ስፓም ውስጥ የሚገኘው። ከእነሱ ውጭ ደግሞ ስፓምሃውስን የመሰሉ ጥቁር መዝገብ የሚያዘጋጁ ተቋማት አሉ። ስፓምሃውስ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተ ሲሆን፣ ዝርዝሩን በዓለም ዙሪያ ያሉ የኢሜይል ሰርቨሮች እያመሳከሩ በር ይከፍታሉ ወይም ይዘጋሉ።

መዝገቡ ላይ የሚጻፈው በአንድ ነገር ስም ብቻ አይደለም። ኢሜይሉ የወጣበት ሰርቨር አይፒ አድራሻ (ኢንተርኔት ላይ የሚለይበት ቁጥር) አንዱ ነው። ኢሜይሉ ላይ በዲጂታል የተፈረመው ዶሜይን ሌላው ነው። በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ሊንኮች የሚወስዱበት ዶሜይን፣ ከፊርማ ሥር የተጻፈው ድረ ገጽ ሳይቀር፣ ይታያል። ከሁሉም በላይ የሚከብደው ግን የተቀባዮቹ ምላሽ ነው፦ ከፈቱት? መለሱለት? ሳያነቡ ሰረዙት? ወይስ «ስፓም ነው» የምትለውን ቁልፍ ተጫኑ?

እዚህ ላይ የብዙዎችን ችግር የያዘው ነጥብ ይወጣል። አነስተኛ ድርጅቶቻችን ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሙት የጋራ ሆስቲንግ ነው። አንድ ሰርቨር ላይ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ብዙ ድረ ገጾች ተጠራቅመው ኢሜይል የሚልኩት በአንድ አይፒ አድራሻ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ተጠልፎ ሌሊቱን ሙሉ የሐሰት ሎተሪ ሲበትን ቢያድር፣ ጠዋት የቡናው ድርጅት ናሙና ማስታወቂያም አብሮ ይታገዳል። ችግሩ ይህ ከሆነ አዲስ ዶሜይን ገዝቶ እዚያው ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ምንም አይለውጥም። መለወጥ ያለበት ኢሜይሉ የሚወጣበት ሰርቨር ነው።

የተመለሰውን ደብዳቤ ማንበብ

ዶሜይን ከመወንጀል በፊት ማስረጃ መሰብሰብ ይቻላል፤ ለዚያ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም። ኢሜይል ተመልሶ ሲመጣ ሰው አይቶት የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ቅልቅል ውስጥ ቁጥሮች አሉ። በ4 የሚጀምር፣ ለምሳሌ 421፣ «አሁን አልቀበልህም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በአጭር ሰዓት ብዙ በመላክ ይመጣል። በ5 የሚጀምር ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው። ጂሜይል 550 ብሎ አጠገቡ 5.7.26 ከጻፈ ኢሜይሉ ማንነቱ አልተረጋገጠም እያለ ነው። ማይክሮሶፍት በዚያው ምክንያት 5.7.515 ብሎ ይመልሳል። የስፓምሃውስ ስም ከተጠቀሰ የታገደው አይፒው ይሁን ዶሜይኑ መልእክቱ ራሱ ይናገራል። ሦስቱም የተለያየ በሽታ ናቸው፤ በአንድ መድኃኒት አይድኑም።

ካልተመለሰና ዝም ብሎ ስፓም ውስጥ ከገባ፣ ከድርጅቱ አድራሻ ወደ ራስ ጂሜይል አንድ ኢሜይል ልኮ «ዋናውን አሳይ» የሚለውን ምርጫ መክፈት ነው። ከላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚሉ ሦስት መስመሮች ይታያሉ፤ እያንዳንዳቸው ማለፍና መውደቃቸው ተጽፏል።

ኤስፒኤፍ በዶሜይኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው። ዲኪም ኢሜይሉ መንገድ ላይ እንዳልተነካና ዶሜይኑ ኃላፊነቱን እንደወሰደ የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ ነው። ዲማርክ ደግሞ አንባቢው የሚያየው የላኪ አድራሻ ከሁለቱ ቢያንስ ከአንዱ ጋር መግጠሙን ይጠይቃል፤ ካልገጠመ ምን ይደረግ የሚለውንም የዶሜይኑ ባለቤት ይወስናል። በተግባር የሚገጥመው ስህተት አስቂኝ ያህል ቀላል ነው። የቀድሞው የአይቲ ሰው አንድ የኤስፒኤፍ መስመር አስገብቶ ሄዷል፣ አዲሱ መጥቶ ሌላ ጨመረ። አንድ ዶሜይን ሁለት የኤስፒኤፍ መስመር ካለው ሁለቱም አይሠሩም። አንዱን ደምስሶ ሁለቱን ማዋሃድ ዶሜይን ከመግዛት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ስድስት ሰው

ማረጋገጫዎቹ ሁሉ አልፈው ኢሜይሉ አሁንም ስፓም ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ አድራሻ ዝርዝሩ ይዞራል። እንደኔ ግምት የአብዛኛው ድርጅት ችግር የተቀመጠው እዚህ ነው፤ አብዛኛው ድርጅት መስማት የማይፈልገውም ይህንኑ ነው።

የአንድ ቡና ነጋዴ የኢሜይል ዝርዝር እንዴት እንደሚያድግ ማየት ነው። ከኤግዚቢሽን የተሰበሰቡ ካርዶች አሉ። የቀድሞ ሠራተኛ ትቶት የሄደ የኤክሴል ፋይል አለ። «የአውሮፓ ቡና ቆዪዎች አድራሻ» ተብሎ ቴሌግራም ላይ የተገዛም አለ። ሁሉም ተደምሮ በየሳምንቱ የይርጋ ጨፌና የጉጂ ዋጋ ዝርዝር ይላክበታል። ከውስጡ ሥራቸውን የለቀቁ ሰዎች አሉ፤ ያ አድራሻ «የለም» ብሎ ይመለሳል፣ እሱን ሳያወጡ ደጋግሞ መላክ ደግሞ ላኪውን ያስጠረጥራል። አንዳንዱ አድራሻ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ ስፓም ላኪን ለማጥመድ ብቻ እንደገና የተከፈተ ሊሆን ይችላል። ሕያው የሆኑትም ቢሆኑ ያልጠየቁት ነገር በየሳምንቱ ሲመጣባቸው አንድ ቀን ቁልፏን ይጫናሉ።

ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ያወጡት ደንብ ቅሬታ፣ ማለትም «ስፓም ነው» የምትለውን ቁልፍ የሚጫኑ ተቀባዮች መጠን፣ ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠይቃል፤ ጎግል የሚመክረው ደግሞ ከ0.1 በመቶ በታች ነው። ቁጥሩን ወደ ሰው እንመልሰው። 2,000 የጂሜይል ተጠቃሚዎች ሳጥን ውስጥ ከገባ ኢሜይል ላይ 0.3 በመቶ ማለት ስድስት ሰው ነው። ስድስት የተሰላቹ ሰዎች የድርጅቱን ኢሜይል በሙሉ፣ ውል የፈረመው ደንበኛ የሚጠብቀውን የመርከብ ሰነድ ጭምር፣ አደጋ ላይ ይጥላሉ። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ በቀን ከ5,000 በላይ ለሚልኩ ተመሳሳይ የማንነት ማረጋገጫ ግዴታ አድርጓል። በጎግል ደንብ አንድ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 5,000 የግል ጂሜይል አድራሻዎች የላከ ዶሜይን፣ ከዚያ በኋላ ቢቀንስም፣ ለዘለቄታው የጅምላ ላኪ ተብሎ ይቆጠራል። «አንድ ቀን ብቻ ነው የበተንኩት» የሚል ማስተባበያ አይሠራም።

ጎግል ፖስትማስተር የተባለ ነፃ መሣሪያ የቅሬታውን መጠን ያሳያል። አንድ ወጥመድ ግን አለው። ቁጥሩ የሚሰላው ዋናው ሳጥን ውስጥ ከገቡት ኢሜይሎች አንጻር ነው። ኢሜይሉ በቀጥታ ስፓም ውስጥ እየተጣለ ከሆነ እዚያ ሄዶ ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው ስለሌለ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ዜሮ አይቶ የተደሰተ ሥራ አስኪያጅ፣ ምናልባት ማንም የማያነበው ሰው ነው።

በአገራችንም ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ተቀባዩ ሳይፈቅድ ለሽያጭ ማስታወቂያ ኢሜይል መበተንን በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ አድርጎታል። የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ፣ እንዲሁም ተቀባዩ በቀላሉ «አልፈልግም» የሚልበት መንገድ ሲኖር ግን አዋጁ ያስተናግዳል። ያንን መንገድ ማበጀት ለሕጉም ለጂሜይልም ይጠቅማል፤ ሰው መውጫ በር ካገኘ ስፓም የምትለውን ቁልፍ አይፈልግም።

እንግዳ ስም

አሁን ወደ አዲሱ ዶሜይን እንምጣ። ብዙ ሰው አዲስ ዶሜይን ባዶ ገጽ ይመስለዋል፤ ቅጣት የለበትም፣ ስለዚህ ያልፋል ይላል። ግን በሠፈሩ ሱቅ ዱቤ ሳይከፍል ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው አዲሱ ባለሱቅ ዕዳውን ስላላወቀ ብቻ በመጀመሪያው ቀን ዱቤ አይሰጠውም። ስም የሌለው እንግዳ ነውና ጥሬ ብር አምጣ ይባላል። የኢሜይል ማጣሪያዎችም እንደዚያው ናቸው። ስፓምሃውስ ገና ብቅ ያሉ ዶሜይኖችን ብቻ የሚመዘግብ ዝርዝር አለው፤ አንድ ዶሜይን መታየት ከጀመረ በኋላ ለ24 ሰዓት እዚያ ይቆያል። ብዙ የድርጅት ማጣሪያዎች ደግሞ ከዚያም ለረዘመ ጊዜ አዲስ ዶሜይንን በጥርጣሬ ያያሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አጭበርባሪ የሚገዛው አዲስ ዶሜይን ነው፣ የሚጥለውም ሲቃጠልበት ነው።

ማጣሪያዎቹ የድሮውን ከአዲሱ ማገናኘትም አያቅታቸውም። አዲሱ ዶሜይን ከዚያው አይፒ ከላከ፣ ያንኑ የዋጋ ዝርዝር ለእነዚያው 2,000 አድራሻዎች ከበተነ፣ ፊርማው ሥርም የድሮውን ድረ ገጽ ከጠቀሰ፣ ስሙ ብቻ ነው የተቀየረው። ከዚህ የባሰው አንዱ ሲበላሽ ወደ ሌላው እየዘለሉ በተለያዩ ዶሜይኖች መላክ ነው። ይህ ሙያተኛ ስፓም ላኪዎች ጭነቱን በብዙ ስሞች ላይ የሚያሰራጩበት የታወቀ ዘዴ ስለሆነ፣ ስፓምሃውስ እነሱን የሚመዘግብበት ዝርዝር አለው። ሐቀኛ ነጋዴ ሳያስበው የእነሱን ልብስ ለብሶ ይገኛል።

ተስፋ ቆርጠው የድርጅቱን ማስታወቂያ በነፃ ጂሜይል አድራሻ ስም፣ ግን በሌላ የጅምላ መላኪያ አገልግሎት በኩል የሚበትኑም አሉ። ጎግል ያንን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2024 አጥብቦታል፤ የጂሜይል ስም ይዞ ከጂሜይል ሰርቨር ውጭ የመጣ ኢሜይል በዲማርክ ምክንያት ወደ ስፓም ይላካል።

ታዲያ መቼ ይቀየራል?

ድርጅቱ ስሙን ከቀየረ ወይም ከሌላ ጋር ከተዋሃደ ምርጫ የለም። የገዛችሁት ዶሜይን ቀድሞ የሌላ ሰው ሆኖ በስፓም ተቃጥሎ ከነበረ ደግሞ ያልበሉትን ዕዳ ከመክፈል መተው ይሻላል። የድሮው ዶሜይን ለረጅም ጊዜ ክፉኛ ተበድሎ፣ ዝርዝሩ ከተጸዳና ለወራት በጨዋነት ከተላከበት በኋላም ካልተነሣ፣ ያኔም መቀየር ተገቢ ነው። ከእነዚህ ውጭ እኔ የምመርጠው መለየትን ነው።

መለየት ማለት የዋጋ ዝርዝሩንና ማስታወቂያውን ከዋናው ዶሜይን አውጥቶ በንዑስ ዶሜይን መላክ ነው፤ ለምሳሌ ከድርጅቱ ዶሜይን በፊት «ዜና» የሚል ቃልና ነጥብ አስገብቶ። ውል፣ ደረሰኝና የመርከብ ሰነድ በዋናው ዶሜይን ይቀጥላል። ንዑስ ዶሜይኑ ከእናቱ ጋር ያለው ዝምድና ስለሚታይ እንደ ፍጹም እንግዳ አይቆጠርም፣ የራሱን ታሪክ ግን ቀስ በቀስ ይገነባል። ማስታወቂያው ቅሬታ ቢያመጣ ጉዳቱ በአብዛኛው እሱ ላይ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ አይነጠልም፤ ንዑስ ዶሜይኑ ላይ ያለልክ የሚበትን ሰው ዋናውንም ማቆሸሹ አይቀርም።

ንዑስ ዶሜይንም ይሁን አዲስ ዶሜይን፣ አጀማመሩ አንድ ነው። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ አንድም ኢሜይል ሳይላክ ይዘጋጃሉ። የዲኪም ቁልፉ 2,048 ቢት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጂሜይል ከ1,024 በታች አይቀበልም። ዲማርኩ መጀመሪያ «ምንም አታድርግ፣ ሪፖርት ብቻ ላክልኝ» በሚለው ደረጃ ይቀመጥና፣ ሪፖርቱ ላይ የተረሳ ሰርቨር አለመኖሩ ሲታይ ጠንከር ይደረጋል። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ደረሰኝ የሚልክበት ሰርቨር ሁልጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ከዚያ የሚጀመረው ከሚመልሱ ሰዎች ነው። በሳምንቱ ውስጥ ደብዳቤ የተለዋወጣችኋቸው ገዥዎች፣ ጭነት አስተላላፊዎች፣ ባንኩ። በቀን ጥቂት አሥር ኢሜይሎች፣ ቀጥሎ ትንሽ ከፍ፣ ቀጥሎ ከፍ። የ421 መልስ መምጣት ከጀመረ መጨመሩን ማቆም፣ ካስፈለገም መቀነስ። ባለፈው አንድ ዓመት ያልመለሰና ያልከፈተ ሰው ወደ አዲሱ ዝርዝር ጭራሹን አይገባም። እዚህ ላይ ነው ሥራ አስኪያጆች የሚያኮርፉት። 2,000 የነበረው ዝርዝር 300 ሲሆን ገበያው የተዘጋ ይመስላቸዋል። ግን 1,700ዎቹ ድሮም አልገዙም፣ አላነበቡም፤ የሚያነቡትን ነበር የሚከለክሉት። ይህ ዝግታ ሳምንታት ይወስዳል፤ ስለዚህ ምርቱ መጋዘን ሳይገባ፣ ጥቅምት ኅዳር ላይ ቢጀመር በጥድፊያው ሰዓት ስሙ ተገንብቶ ይጠብቃል።

ገዥው ምን ያስባል?

ቴክኒኩ ሁሉ ተሳክቶ እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። አውሮፓ ያለ ገዥ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ አዲስ አድራሻ እንገናኝ፣ ደረሰኙ ተያይዟል» የሚል ኢሜይል ሲደርሰው፣ የሰለጠነ የሒሳብ ሠራተኛ ካለው ክፍያውን ያቆማል። አጭበርባሪዎች የንግድ ደብዳቤ ጠልፈው የባንክ ሒሳብ የሚያስቀይሩት ልክ በዚህ አነጋገር ነውና። ስለዚህ ለውጡ የሚነገረው አስቀድሞ፣ ከድሮው አድራሻ፣ ደረሰኝ ሳይያያዝበት ነው። ትልልቅ ደንበኞች ጋ በሚያውቁት ስልክ ይደወላል። በአድራሻ ለውጡ ሰሞን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ፈጽሞ አይቀየርም።

የድሮው ዶሜይን ደግሞ አይጣልም። ድርጅቱ ከእሱ መላክ ሲያቆም፣ ማንም በስሙ መላክ እንዳይችል ኤስፒኤፉ «ማንም አልተፈቀደለትም» ተብሎ ይዘጋል፣ ዲማርኩም ወደ «አትቀበል» ይቀየራል፤ ኢሜይል መቀበሉን ግን ይቀጥላል። የድሮውን አድራሻ የያዙ ካርዶች በየገዥው ጠረጴዛ ላይ ለዓመታት ይኖራሉ። የእድሳቱን ክፍያ «ለማንጠቀምበት ነገር» ብሎ የሚሰርዝ የሒሳብ ክፍል ካለ ይህን ይወቅ፦ ነጥብ ኮም ዶሜይን ካልታደሰ የእፎይታ ጊዜው፣ ከዚያ 30 የመዋጃ ቀናት፣ ከዚያም 5 የመጠበቂያ ቀናት አልፈው ለማንም ገዥ ክፍት ይሆናል። የገዛው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ለድርጅቱ የሚላኩ ደብዳቤዎችን ይቀበላል፣ በድርጅቱ ስምም ይመልሳል። ምዝገባው በማን ስም እንዳለም ማየት ነው፤ በብር የሚሸጡ ደላሎች ወይም የለቀቀ ሠራተኛ በራሳቸው ኢሜይል አስመዝግበውት ከሆነ፣ የእድሳት ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው እነሱ ጋ ነው።